የእናቴና የማሽኔ መስኮት

እናቴ በሁለት በኩል ከሚገባ ነፋስ በቀር የምትፈራው ነገር የለም። ሌባ አትፈራም፣ ውሻ አትፈራም፣ ሹም አትፈራም። ሚኒባስ ውስጥ ግን አንዱ ተሳፋሪ በቀኝ፣ ሌላው በግራ መስኮት ከከፈቱ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ረዳቱን "ልትጨርሰን ነው?" ትለዋለች። ረዳቱም ይዘጋዋል፤ ፈርቷት ሳይሆን እሱም ስለሚያምንበት ነው። ከዚያ በኋላ ተደራርበን፣ ጉንፋን የያዘው ባልያዘው ላይ እያሳለ፣ ነፋስ ስላልገባብን ደህና ነን ብለን ቡራዩ እንደርሳለን።

ይህን የምለው ከእሷ የተለየሁ ሆኜ አይደለም። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ጀርባዬን ነፋስ ካገኘኝ ነገ እንደምታመም አውቃለሁ፣ ነገም እታመማለሁ። ከእናቴ ጋር በአንድ መስኮት የተነሳ ክረምቱን ሙሉ ስንዋጋ የከረምነው እንግዲህ ሁለታችንም ከአንድ ወገን ሆነን ነው።

ጠቡን ያመጣው ማሽን ነው። ቢትኮይን ማይን ያደርጋል፣ ማለት በሒሳብ የኢንተርኔት ገንዘብ ያመርታል ተብሎ ገዛሁት። ከሁለት የጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም፤ ከፊትና ከኋላው ማራገቢያ አለው፤ ያለ ዕረፍት ሒሳብ ይሠራል። የሚሠራው ሒሳብ ምን እንደሆነ ለእናቴ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ለራሴም ሳስረዳ መሀል ላይ ይጠፋብኛል። ሥራዬ የቢሮ ኮምፒውተር መጠገን ስለሆነ ሰው ሁሉ የገባኝ ይመስለዋል፣ እኔም አላስተባብልም። በእርግጠኝነት የማውቀው መብራት እንደሚበላ፣ ሙቀት እንደሚተፋና እንደሚጮህ ነው። ጩኸቱን የሰማ ሰው የወፍጮ ቤት ታናሽ ወንድም ነው ይላል። ትርፉን የሚጠይቀኝ ካለ "ደህና ነው" እላለሁ፤ የማይጠይቀኝን ሰው ደግሞ አከብራለሁ።

የምኖረው ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው "ኦቦ" ስለሚላቸው፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። እሳቸው ከፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት ናቸው፣ እኔ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎችና በአንዲት ጠባብ ዕቃ ቤት። ከጎኔ ያለችውን ክፍል ከደቡብ የመጣች፣ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ተከራይታዋለች። ጠዋት ሁላችንም ወጥተን እንበታተናለን፤ ኦቦም ለቅሶ ወይም ስብሰባ አያጡም። ግቢው ቀን ቀን ባዶ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ከተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። በዚህ የሚስቅብኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የራሱን ቤት ማከፋፈያ ያየው። ብዙም ሳይቆይ የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተኝ፤ ሮጬ ስነቅለው ሶኬቱ እንደ ሻማ ለስልሷል። ያን ቀን የምሬን ፈራሁ። ከዚያ ኦቦን አስፈቅጄ፣ በደንቡ አመልክቼ ቆጣሪው አቅም ያለው እንዲሆን አስደረግሁ። ባለሙያ ጠርቼ ከቆጣሪው ቀጥታ ወፍራም ገመድ አስዘረጋሁለት፤ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ሶኬት ተሰጠው፤ ሌላ ምንም ነገር እንዳይሰካበት ተከለከለ። ጣሪያው ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ ነገር አስለጠፍኩ። ካርቶን፣ ጨርቅ፣ አሮጌ ፍራሽ፣ የሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ከዕቃ ቤቱ ወጣ።

ቀጥሎ የአየሩ ነገር ነበር። ማሽኑ በፊቱ ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ በኋላው ትኩሱን ይተፋል። ክፍሉ ከተዘጋ የተፋውን መልሶ ይስባል፣ የሳበውን አግሎ እንደገና ይተፋል፤ እንዲህ እያለ ራሱን ይቀቅላል። ዕቃ ቤቱ ደግሞ እንደ ዕድል ሁለት መስኮት አለው። በአንዱ ከላሜራ የተሠራ ቱቦ አስወጥቼ ትኩሱ ወደ ጓሮ እንዲነፍስ አደረግሁ፤ ሌላውን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ አቧራ እንዳይገባ አጎበር ቆርጬ ወጠርኩበት። ቡራዩ ለዚህ የተፈጠረች ናት፤ ከመናገሻ ጫካ በኩል የሚመጣው ብርድ ሲሸጥ አላየሁም። ሙቀቱን ከስልኬ ላይ ስለማየው የትም ሆኜ እከታተለዋለሁ። በአጭሩ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሸው የኖረችውን በሁለት በኩል የሚገባ ነፋስ፣ ላሜራ አስቆርጬ፣ ለባለሙያ ከፍዬ ቤቴ አስገባሁት።

እናቴ የመጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ተከራይታ የኖረችበት የመሀል ከተማ ሰፈር ለልማት ፈረሰ፣ ጎረቤቶቿም አንዱ በአንዱ ዳር፣ ሌላው በሌላው ዳር ተበተኑ። አብራት ያደገች ጓደኛዋ ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል አላት፤ እሷ ጋ ለመሄድ ተስማምተዋል። ለእኔ ግን "ክረምቱን ልይሽ" አለችኝ። ዝናቡ ሲያቆም ትሄዳለች ማለት ነው። እኔ እንድትቀር ነበር የምፈልገው። ያለ እሷ ወላጅ የለኝም፣ ያለ እኔም ልጅ የላትም፤ እሷን በሰው ቤት፣ በሰው ክፍል ውስጥ ማሰብ አልወድም። ይሁን እንጂ እናቴ ሲለምኗት የምትቀር ሴት አይደለችም። ሲለምኗት ትጠረጥራለች። ስለዚህ አፌን ዘግቼ እስክትለምደው ልጠብቅ ወሰንኩ።

በመጣችበት ቀን ማሽኑ ሲጮህ ሰምታ የዕቃ ቤቱን በር ከፈተች። ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቀችኝ። ማሽን ነው አልኳት። ምን ሆኖ እንደሚጮህ ጠየቀችኝ። ማራገቢያው ነው አልኳት። ማሽኑን አየችው፤ ከዚያ ወደ አንዱ መስኮት፣ ከዚያ ወደ ሌላው መስኮት ዞረች፤ ነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ወጣ።

"ብርድ መትቶት ነው" አለች።

በማግስቱ አስኮ እንኳ ሳልደርስ ስልኬ ማስጠንቀቅ ጀመረ። የማሽኑ ሙቀት እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ድንገት ጠፋ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። እናቴ ደስ ብሏት አነሳችው። መስኮቱን እንደዘጋችው፣ ጥቂት አጉረምርሞ ዝም እንዳለላት፣ አሁን እንደተኛ ነገረችኝ። እንዳልተኛ፣ ከመቃጠል ለመዳን ራሱን እንዳጠፋ ባስረዳት፣ "ዋናው ዝም ማለቱ ነው" አለችኝ።

እናቴ ሳይንስ አልተማረችም፤ ሙከራዋ ግን እንከን አልነበረውም። መስኮቱ ሲከፈት ይጮኻል። ሲዘጋ ትንሽ ይብስበትና ዝም ይላል። ደግማ ሞከረችው፤ ያው ሆነ። ሕፃን ልጅ ያሳደገች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች? እኔ ስለ ሙቀት ሳወራ እሷ ያየችውን ይዛ ትከራከረኛለች፤ መከራከሪያዋም ከእኔ የተሻለ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሥራ ቀን ሁሉ እንዲህ ሆነ። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ይወጣል፤ እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ እደውላለሁ፤ እሷ ታነሳለች። እናቴ ራሷ ቢሮ አትደውልም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቤት ካልተቃጠለ አይረበሽም የሚል ጽኑ እምነት አላት። እኔ ስደውልላት ግን ፈጽሞ አትቸኩልም። መስኮቱን ክፈቺ ስላት፣ እሺ ትላለች፣ መንገዱን ሁሉ ግን ትተርክልኛለች። አሁን ከወንበሩ ተነሳሁ። አሁን ጫማዬን ፈለግሁ፣ አንዱ የለም። የኦቦ ዶሮ ዛሬ የት እንደጣለች ታውቂያለሽ? የፋብሪካዋ ልጅ ቦት ጫማ ውስጥ። ልጅቷ ቀድማ ወጥታለች፣ ስትመለስ እግሯን ብትከትስ? ለመሆኑ ምሳ ምን ልትበዪ ነው? እኔ አፌን በእጄ ጋርጄ "እማዬ፣ መስኮቱን" እላለሁ። እሷ "እየሄድኩ አይደል" ትላለች፤ ገና በር ላይ ናት።

የሥራ ባልደረቦቼ እናቴን አልጋ ላይ የዋለች ሕመምተኛ አድርገዋት ነበር። ከኮሪደር ስመለስ "መስኮቱ ተከፈተላት?" ይሉኛል፣ ፊታቸውን አሳዝነው። አንዷ እንዲያውም ለታመመ ሰው ነፋስ ጥሩ እንዳልሆነ መከረችኝ።

አንድ ማታ በረጋ መንፈስ አስቀምጬ ነገርኳት። ማሽኑ ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ ገመዱና ሶኬቱ ግን ራሳቸውን ማጥፋት አያውቁም፤ ቤት ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የምፈራው ለማሽኑ አይደለም፣ ለአንቺ ነው። እሳት የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። የት እንደሚግል፣ ሽታው ምን እንደሚመስል፣ ብሬከሩ በየትኛው በኩል እንደሚወርድ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ በእጇ ጀርባ ገመዱን ትዳስስ ጀመር። ተሳክቶልኛል ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ መስኮቱ ተዘጋ።

የመስኮቱን እጀታ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። በርጩማ አስደግፋ ዘጋችው። በርጩማውን ደበቅሁ። ትራስ ወተፈችበት፤ ትራስ የሚቀጣጠል ነገር ነው ብዬ ስቆጣ፣ በሚቀጥለው ቀን የብረት ትሪ አቆመችበት። ትሪ እንደማይቀጣጠል አምኜ መቀበል ነበረብኝ። ስመለስ ጥፋተኛ አትመስልም፤ ራት አቅርባ፣ ቢሮ ውስጥ ማን ምን እንዳለ ትጠይቀኛለች። እኔ ግን ደክሞኛል፤ ሁለት ሚኒባስ ቀይሬ፣ ዝናብ መትቶኝ ነው የገባሁት። በአጭሩ እመልስላታለሁ።

ነገሩ ሲከር እናቴ ኦቦን ሽማግሌ አድርጋ ጠራቻቸው። ቅዳሜ ከምሳ በፊት መጡ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው የኮታቸውን ኮሌታ ወደ ላይ ሰበሰቡ፤ በዚህ ብቻ ዳኛው ከማን ወገን እንደሆኑ ገባኝ። "ኢንታላ ኮ፣ ቆሪ ነመ አጄሳ" አሉኝ፤ ልጄ፣ ብርድ ሰው ይገድላል ማለታቸው ነው። ይሄ ሰው አይደለም ኦቦ፣ አንቱም እንዲህ ይላሉ እንዴ ብላቸው፣ የሚጮኸው ግን እንደ ሰው ነው አሉ። ከዚያ ሁለታችንንም አዳመጡ። ለእናቴ ዕድሜዋን ቆጠሩላት፣ ለእኔ ትምህርቴን አሞገሱልኝ፤ በመጨረሻም ማንንም ላለማስቀየም ከሁለቱ መስኮቶች አንዱ ይዘጋ፣ አንዱ ይከፈት ብለው ፈረዱ። ለሰው ድንቅ ፍርድ ነው። ለማሽኑ ግን ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ መግቢያ ያለ መውጫ፣ ወይ መውጫ ያለ መግቢያ። እጃቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው፤ ፍርዱንም ሳልፈጽመው ቀረሁ።

እናቴ ተሸናፊ መስላ ጥቂት ቀን ቆየች። በእውነቱ ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። በክረምት በርበሬ የሚደርቅበት ፀሐይ የለም፤ ከላሜራው ቱቦ የሚወጣው ትኩስ ነፋስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ላይ ይባክናል። የተቀነጠሰ በርበሬ በሰፌድ ሞልታ ከቱቦው በታች አስቀመጠች። እውነት ለመናገር በደንብ እየደረቀ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ዞረ፤ ከቱቦው የወጣውን ሁሉ በቤቱ ጥግ አዙሮ ወደ መግቢያው መስኮት ወሰደው። ማሽኑ የበርበሬውን ብናኝ ሳበ፤ አሙቆም ለግቢው በሙሉ አከፋፈለ።

ያን ቀን ስልኬ ላይ ማራገቢያው ሲፈጥን አይቼ ስደውል እናቴ አላናገረችኝም፣ አነጠሰችብኝ። የቀረውን የሰማሁት ማታ ነው። ኦቦ ቤት ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ መሀል ላይ ሁሉም ማነጠስና ማልቀስ ጀመሩ። ባለጉዳዮቹ እርስ በርሳቸው "ይማርህ" ሲባባሉ እርቁ አለቀ ይባላል። እኔ አላየሁም። ኦቦ ግን በማግስቱ ሲያገኙኝ በርበሬው ሲፈጭ ትንሽ እንድንልክላቸው ብቻ አስታወሱኝ።

ማሽኑን ነቅዬ፣ እስኪበርድ ጠብቄ፣ አቅፌ መንገድ ዳር ወዳለው ጎሚስታ ወሰድኩት። አቧራ ሲበዛበት ልማዴ ነው፤ ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር አስነፋዋለሁ፣ ማራገቢያው በአየሩ ኃይል ዞሮ እንዳይበላሽ በጣት ይያዛል። ስለ በርበሬው ለጎሚስታው ቀድሜ ልነግረው አስቤ ነበር። አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞ ቫልቩን ከፈተው። ጎማ የሚያስቀይር የሲኖ ሹፌር፣ አላፊ አግዳሚው፣ እኔም፣ ሁላችንም አለቀስን። ጎሚስታው ዓይኑን እየጠረገ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ፤ ቢትኮይን ነው ስለው፣ ሽሮ ቤት ነው የመሰለኝ አለ።

ትዕግሥቴ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለውን በያጅ ጠራሁ። የመስኮቱን መዝጊያ ከነማጠፊያው ነቅሎ ጣለው፤ በምትኩ የብረት ወንፊት በየደልኝ፤ ዝናብ እንዳይገባ ከላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ አደረገለት። ቱቦውንም በርበሬ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አስረዘምኩት። በቃ፣ የሚዘጋ ነገር አልቀረም። ትሪ ቢቆም እንኳ እንዲወድቅ ወንፊቱ ወደ ውስጥ አጋደለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የበያጁን ሥራ እስከ መጨረሻው አየች።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ የሙቀቱ መስመር እንደ ሜዳ ቀጥ ብሎ ተኛ። ጠዋት ያው፣ ቀትር ላይ ያው። ጥቂት ቀን እያየሁ ተደነቅሁበት፤ ከዚያ ማየቱንም ተውኩት። ኮሪደር መውጣት ቀረ፣ ሹክሹክታ ቀረ፣ ሥራዬን በሰላም መሥራት ጀመርኩ። በመስኮት ጦርነት እናቱን ያሸነፈ ሰው ከእኔ ሌላ መኖሩን እንጃ፤ ኩራቱ ደግሞ አይጣል ነው። ማታ ስገባ እሷም አትጨቃጨቅም። ራት ታቀርባለች፣ ትንሽ ትቀምሳለች፣ በጊዜ ትተኛለች። የኦቦ ዶሮ የት እንደጣለች እንኳ አትነግረኝም። ለመደችው ብዬ ውስጤ ሐሴት አደረገ።

ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ ጓሮ ተቀምጠን ሳለ ከመስቀል በኋላ ጓደኛዋ ጋ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ተነጋግረው ጨርሰዋል። ክፍሏ ተጠርጓል።

ደነገጥኩ። እንድትቀር ነበር የፈለግሁት፤ መንገዷን የጠረግሁላት ግን እኔው መሰለኝ። ከድምፁ ሌላ ምክንያት አልታየኝም፤ ቀኑን ሙሉ ከሚጮህ ነገር ጋር ተዘግታ የምትውል ሴት ለምን ትቀራለች? እሷ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነው፤ እኔ ከፊቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ማሽኑን እንደምሸጠው ነገርኳት። ገዢ እንደማላጣ፣ ከነገ ጀምሮ ግቢው ፀጥ እንደሚል፣ ዕቃ ቤቱንም ቀለም ቀብቼ ለእሷ እንደማደርገው ተናገርኩ። ልለምናት እንዳልነበር ረስቼ እየለመንኳት ነበር።

"ድምፁ ምን አደረገኝ?" አለች። "እሱ እንኳ ቀኑን ሙሉ ይናገራል።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምትሄጂው?"

ቢላዋዋን ነጭ ሽንኩርቱ ላይ አቆመችው። ቀና ብላም አላየችኝም።

"መስኮቱን ስዘጋው ትደውዪ ነበር" አለች።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ የሚሄድበት ጠፋው። ረፋዱን ሁሉ አስታወስኩ፤ ጠፋ የተባለውን ጫማ፣ በሩ ላይ መቆሟን፣ ምሳ ምን ልትበዪ ነው ማለቷን። እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ መስኮቱን፣ መስኮቱን ስላት እሷ እያወራችኝ ነበር። ሁላችንም ወጥተን በምንበታተንበት ባዶ ግቢ ውስጥ የሰው ድምፅ የምትሰማበትን ቁልፍ በመጀመሪያው ቀን አግኝታዋለች፤ እኔ በያጅ ቀጥሬ ነቀልኩት።

ብርድ መትቶት ነው ያልሽውስ፣ አልኳት። እሱን በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው ያመንኩት አለች፤ አስረድተሽኝ የለ እንዴ፣ ደንቆሮ መሰልኩሽ? እሳት ያስነሳል ካልኳት በኋላም ስትዘጋው አጠገቡ ተቀምጣ፣ ገመዱን እየዳሰሰች፣ ብሬከሩን በዓይኗ ይዛ እንደነበር ነገረችኝ። ሙቀቱ ወጥቶ እኔ እስክደውል ብዙ አያስጠብቃትም። ከደወልኩ በኋላ ደግሞ ራሷ ትከፍተዋለች፣ ቀስ ብላ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ትንሽ ኩራት ነበራት፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ይኖረኝ ነበር። በበርበሬው ግን ተጠያቂ አይደለሁም አለች፣ እሱ የነፋሱ ሥራ ነው።

 እኛ ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር ፊት ለፊት አይባልም፤ ከተባለም ወዲያው ወደ ሥራ ይገባል። እሷ ነጭ ሽንኩርቷን ቀጠለች፤ እኔም አንድ ራስ አንስቼ መላጥ ጀመርኩ።

እናቴ አሁንም ቡራዩ ናት። መስቀል አለፈ፣ ጥቅምትም ከነብርዱ መጣ። ለጓደኛዋ የነገረቻት ምክንያት ክፍሉ መስኮት የለውም የሚል ነው፤ ጓደኛዋ እናቴን ከልጅነቷ ስለምታውቃት እስከ ዛሬ ግራ ተጋብታለች። ነገሩ የተቆረጠው ግን መቼ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ከዚያ እሁድ በኋላ ባለው ሰኞ ነው።

ረፋዱ ላይ ቢሮ ሆኜ ስልኬን አየሁ። የማሽኑ ሙቀት ደህና ነበር፤ ማራገቢያው ደህና ነበር። ኮሪደር ሳልወጣ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው።

"ክፍት ነው" አለች፣ ሃሎ እንኳ ሳልል። "መዝጊያ የለውም እኮ፣ በምን ልዝጋው?"

"አውቃለሁ" አልኳት። "ሙቀቱም ደህና ነው።"

"ገመዱንም አሁን ዳስሼዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው።"

"ጎሽ።"

"ታዲያ ለምን ደወልሽ?"

"እንዲሁ ነው።"

 ከኋላዋ ማሽኑ ሲጮህ ይሰማኛል። 

"እንግዲያውስ ቆዪ" አለች እናቴ። "ወንበር ልሳብ።"